ከመቃብሩ የተለየ ድንጋይ፦ ከሶዶ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ

በሶዶ ወረዳ፣ ከቡታጅራ መንገድ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ሰውና ከብት በየዕለቱ የሚሻገርበት የጅረት መሻገሪያ በጥንት ዘመን ለመቃብር ምልክትነት የተጠረበና የተቀረጸ ድንጋይ መሆኑን የነገረኝ በአካባቢው ታሪክ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። ያለፈው ክረምት ጎርፍ ድንጋዩን በአንድ ጎኑ አዘንብሎት፣ ለብዙ ዘመን ወደ ታች ተደፍቶ የኖረው ፊቱ ብቅ ሲል የሰይፍ ቅርጾች ታዩበት። የቀበሌዋን ስም ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ትክል ድንጋይ ባለበት ሁሉ ከሥሩ ወርቅ አለ ብለው ሌሊት የሚቆፍሩ ሰዎች አሉና፣ የቦታውን አድራሻ ለእነርሱ ማመልከት አልፈልግም።

የጉዞው ጥያቄ ድንጋዩ ከየትኛው መቃብር ተነሥቶ እዚያ ደረሰ የሚል ነው። የሟቹን ማንነት ማወቅ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። በመቀሌ አቅራቢያ በኲሓ የተገኙትን በዐረብኛ የተጻፈባቸውን የመቃብር ድንጋዮች ብንወስድ፣ ብዙዎቹ ከቦታቸው ቢነሡም የሟቹን ስም በላያቸው ስለያዙ የሚናገሩት ነገር ከእነርሱ ጋር ይጓዛል። የሶዶ ድንጋዮች ግን ጽሑፍ የላቸውም። ምልክታቸው የሚገናኘው ከሥራቸው ከተኛው ሰው ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ የሚያጣው አድራሻውን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱንም ጭምር ነው።

ቀኑን በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ሥራዎችን በማገላበጥ አሳለፍሁ። ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸው ፎቶግራፎችና ንድፎች እ.ኤ.አ. በ1931 ታትመዋል፤ ከእርሱ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ አካባቢውን በስፋት አሰሰ፤ በሮዤ ዡሶም የተመራው ቡድን ደግሞ በሶዶ የሚገኘውን የቲያን የትክል ድንጋይ ሥፍራ ቆፈረ። በሶዶ አካባቢ ብቻ 160 ያህል ትክል ድንጋይ ያለባቸው ሥፍራዎች ይታወቃሉ። የአዛይስ ፎቶግራፎች ለእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ ጥቅማቸው ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ድንጋይ ለአጥርና ለመሠረት ከመነሣቱ በፊት የነበረውን መልክ ያሳያሉ። ሁለት ሰይፍና አንድ ክብ ያለበትን የእኛን ድንጋይ የሚመስል ግን በመካከላቸው የለም። ይህ ብዙ አያስደንቅም፤ የዚያ ዘመን ተጓዦች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ለዓይን የሚማርከውን እየመረጡ ነበርና።

ከቦታው ስለተነሣ የመቃብር ሐውልት ሲወራ የሁላችንም ሐሳብ ወደ አክሱም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ሲተከል፣ ሙግቱ ስለ መመለሱና ስለ አተካከሉ እንጂ ከየት እንደተወሰደ አልነበረም። የአንዲት የገጠር ቀበሌ ድንጋይ ግን ከቦታው ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ የወሰዱት ሰዎች ካልጻፉት፣ ያዩት ሰዎችም ካለፉ፣ የሚመሰክር አይኖርም።

ማክሰኞ

መንገዱ በአለም ገና አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አዋሽን በመልካ ቁንጡሬ ተሻገርን፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ይህን ሥፍራ ሳያዩ ማለፍ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ የእኔ ጉዳይ ከሚሊዮን ዓመት ወዲህ ያለ ስለሆነ አልቆምሁም።

ቲያ ላይ የቆምሁት ዓይኔን ለማለማመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ 36 ድንጋዮች ሲኖሩ፣ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። ሰይፎች፣ ክቦች፣ ከታች ደግሞ እንደ ቅርንጫፍ የሚከፈል ምልክት ይታያሉ። አስጎብኚው የሰይፎቹ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር እንደሚያመለክት፣ ቅርንጫፍ የሚመስለውም እንሰት እንደሆነ፣ ሌላው ምልክት ደግሞ በርኩማ እንደሚባል አስረዳኝ። ትርጓሜዎቹ የሚማርኩ ናቸው፤ ነገር ግን ከምልክቶቹ አብዛኞቹ እስካሁን እርግጠኛ ፍቺ አልተገኘላቸውምና፣ አንድን ድንጋይ ወደ መቃብሩ ለመመለስ በእነርሱ ላይ መመሥረት አይቻልም። በቁፋሮው የተገኘው ግን ጠንካራ ነው፤ ድንጋዮቹ የቆሙት በእርግጥ በመቃብር ላይ ሲሆን፣ ከሥራቸው የተገኙት በአብዛኛው በወጣትነት ዕድሜ የሞቱ፣ እጅና እግራቸው ተሰብስቦ የተቀበሩ ሰዎች ናቸው።

የአካባቢው ሰው እነዚህን ድንጋዮች የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ ድል ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1529 ነው፤ የቲያ መቃብሮች ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደቡ በመሆናቸው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ይህን የምጽፈው የሰዉን አነጋገር ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ ድንጋይ «ግራኝ የተከለው ነው» ሲሉኝ፣ ድንጋዩ በቦታው የቆመው ከማንም ትውስታ በፊት ነው ማለታቸው እንደሆነ እይዘዋለሁ፤ «እነ እገሌ አመጡት» ሲሉኝ ደግሞ ትውስታ የሚደርስበት ዘመን ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ነው። ለፍለጋው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ከቲያ ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የድንጋዮቹ ታችኛ ክፍል መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ሳይጠረብ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው፣ የድንጋይ ሽበት የሚበቅለው ብርሃንና አየር በሚያገኘው ክፍል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ድንጋይ ምን ያህሉ ከመሬት በላይ ቆሞ እንደኖረ ሽበቱ ያለቀበት መሥመር ይናገራል።

ማታ ቡኢ ገባን። የያዝሁትን የትብብር ደብዳቤ ነገ ጠዋት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳልሰጥ ወደ ድንጋዩ መሄድ ተገቢ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንቀሳቀስን ይከለክላል፤ ቀድሞውኑ አንድ ጊዜ የተንቀሳቀሰም ቢሆን።

ረቡዕ

ከወረዳው አንድ ባለሙያ ተመድቦልን ከረፋዱ በኋላ ከጅረቱ ደረስን። ውኃው በጥር ቀጭን ስለሆነ በሁለቱም ወገን ገብቶ ማየት ተችሏል።

ድንጋዩ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 52 ሳንቲ ሜትር ወርድና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። አናቱ ጠበብ ብሎ የተቃና ነው። በቅርጽ ያጌጠው ፊት አንድ ክብ፣ ከእርሱም ሥር ጎን ለጎን ሁለት ሰይፎችን ይዟል፤ ከታች በኩል ደግሞ ሁለት አጫጭር መሥመሮች ወደ ላይ ሲወጡ ይታዩና ድንጋዩ የተሰበረበት ቦታ ላይ ይቋረጣሉ። እነዚህ መሥመሮች ቲያ ያየሁት ቅርንጫፍ መሳይ ምልክት ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አለቱ ግራጫ ሆኖ ፈዛዛ ነጠብጣብ የተበተነበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ አንዲት የጣት ውፍረት ያላት ነጣ ያለች ጅማት በሰያፍ አቋርጣው እስከ ስብራቱ ትወርዳለች።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየኝ ስብራቱ ነው። የድንጋይ ሽበቱ ከሞተ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነጣ ያለ ጠባሳ ትቷል፤ ጠባሳውም ሳይቋረጥ እስከ ስብራቱ ጠርዝ ድረስ ይወርዳል። ያልተጠረበው ሻካራ ሥር ደግሞ ፈጽሞ የለም። ስለዚህ ድንጋዩ የተሰበረው ከመሬት በላይ ነው፤ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ሥሩ አብሮት ይመጣ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ነገር የፍለጋውን መልክ ለወጠው። ከአሁን ጀምሮ የምንፈልገው ባዶ ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የቀረ፣ ከአፈሩ ጥቂት ብቅ ያለ የድንጋይ ጉቶ ሆነ።

ቅርጹ በፎቶግራፍ ጎልቶ እንዲታይ የወዳጄ ተማሪዎች ጠመኔ ሊቀቡበት ፈልገው ነበር፤ ከለከልናቸው። ጠመኔም ሆነ ከሰል ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ ሲያጥቡትም ያረጀው የድንጋዩ ቆዳ አብሮ ይነሣል። ከዚያ የተሻለው መንገድ እስኪጨልም ቆይቶ የእጅ ባትሪን ከጎን፣ ድንጋዩን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው። እንዲህ ስናደርግ ቀን ላይ ማንም ያላየው ሦስተኛ ሰይፍ፣ ከሁለቱ አነስ ብሎና ጠለቅ ሳይል የተቀረጸ፣ ከቀኝ ጠርዝ ወጣ። ተማሪዎቹ ባትሪውን እየተቀባበሉ ደጋግመው አዩት፤ እኔም ደግሜ አየሁት።

ሐሙስ

ዛሬ የሰው ቃል የምንሰማበት ቀን ነበር። ከጅረቱ ማዶ በአንድ የዋርካ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተሰባስበው ጠበቁን።

«አባቴ፣ ይህ ድንጋይ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» ብዬ ከሁሉ በዕድሜ የገፉትን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ከብት ስጠብቅ እዚሁ ነበር። አባቴ ግን ቦታውን ድንጋዩ ሳይኖርበት ያውቁታል፤ ጎትተው ካመጡት አንዱ እርሳቸው ናቸው።»

«ከየት ነው የጎተቱት?»

በከዘራቸው ወደ ተራራው ጠቆሙ። «ከላይ ነዋ፣ ልጄ። የግራኝ ድንጋይ ካለበት። ክረምት ሲመጣ ከብቱ ጭቃው እየዋጠው ተቸገሩ፣ በበሬ ጎትተው አወረዱት።»

ሌላው ሽማግሌ በዚህ አልተስማሙም። በእርሳቸው ቃል ድንጋዩን ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከጅረቱ ማዶ በመኪና ጭነው አምጥተውታል። ሁለቱ እየተከራከሩ ሳለ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ቀላል ነው፣ በተለይ የመጀመሪያው ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ስለሆነ። ስለዚህ ክርክሩን ለድንጋዩ ለራሱ ማቅረብ መረጥሁ። በልኬቱ መሠረት የድንጋዩ ይዘት ከአንድ ሜትር ኩብ አምስተኛ እጅ ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ አለት ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 4 ኩንታል ተኩል ይጠጋል። አንድ ጥማድ በሬ ይህን በደረቅ ወቅት ቁልቁል ሊጎትተው ይችላል፤ ጅረቱን አሻግሮ ዳገት ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን እዚህ ድረስ የሚገባ መንገድ እንዳልነበረ ሁለተኛው ሽማግሌ ራሳቸው አልካዱም።

ከሁሉ በላይ የመሰከረው የድንጋዩ ጀርባ ነው። ሰው የሚረግጠው ፊት በእግርና በኮቴ ብዛት ለስልሶ እንደ መስተዋት ቢያበራም፣ በጠርዞቹ በኩል ከርዝመቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ረጃጅም ጭረቶች ተርፈዋል፤ እነዚህ የመጎተት ምልክቶች ናቸው። እንግዲያው ድንጋዩ የተጎተተው በጀርባው ተንጋሎ፣ ቅርጹ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው። ከጅረቱ ሲደርስ ግን ገልብጠው ፊቱን ወደ ታች አደረጉት። አራት ኩንታል ተኩል ድንጋይ ያለ ምክንያት አይገለበጥምና፣ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅሁ።

«ሰይፍ ይረገጣል እንዴ?» አሉ የመጀመሪያው ሽማግሌ ከልብ በመገረም። «የሞተ ሰው ድንጋይ መሆኑን እኮ ያውቃሉ። ፈርተው ነው የደፉት።»

ይህ መልስ የሽማግሌውን ቃል ከጭረቶቹ ጋር ያገናኘዋል። ጭረቶቹ ከላይ በኩል መሆናቸውን ለማንም አልነገርሁም ነበር። ሰዎቹ ድንጋዩን ሲወስዱ ምንነቱ ጠፍቷቸው እንዳልነበረ ማወቄ ደግሞ ለእኔ ከቦታው ያላነሰ ግኝት ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮች ሲዘገቡ «ባለማወቅ የፈረሰ ቅርስ» የሚለው አነጋገር በጣም ስለተለመደ፣ እያወቁና እያከበሩ፣ ግን ክረምት ላይ መሻገሪያ ስለቸገራቸው የወሰዱ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ እንዘነጋለን።

ከሰዓት በኋላ በላይኛው በኩል ካሉት ሁለት የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች ወደ ቀረበው ወጣን። በአንድ ኮርቻ መሳይ ቦታ ላይ ጥቂት ድንጋዮች ቆመዋል። አለታቸው ጥቁርና ደቃቅ ነው፣ ፈዛዛ ነጠብጣብ የለበትም፤ ጉቶም አላየንም። ቶሎ ተመለስን።

ዓርብ

ሁለተኛው ሥፍራ ከፍ ብሎ በታረሰ ተዳፋት ላይ ይገኛል። ከቆሙት የተሰበሩት ይበዛሉ፤ ከፊሎቹ በማሳዎች ድንበር ላይ ተደርድረዋል። ግራጫው አለትና ፈዛዛው ነጠብጣብ ገና ከሩቅ ይታወቁ ነበር።

ጉቶዎቹን በአንድ በኩል ጀምረን በተራ ለካን። ከድንጋዩ ስብራት ላይ አስቀድመን የስብራቱን ዙሪያ በወፍራም ፕላስቲክ ላይ አስምረን ቆርጠን ስለነበር፣ በእያንዳንዱ ጉቶ አናት ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አብዛኞቹ በግልጽ አልገጠሙም። ከድንበሩ ጥግ ያለው ግን፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ብቅ ያለ፣ በጥቂት የሽብልቅ ድንጋዮች ተወጥሮ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበለ ጉቶ፣ በወርዱም በውፍረቱም ከፕላስቲኩ ጋር ተቀራረበ። አንደኛው ጠርዙ ለብዙ ዘመን ማጭድ ሲሳልበት ስለኖረ ተሸርፏል፤ በዚያ በኩል መግጠም አለመግጠሙን መናገር አይቻልም። በሌላው ጠርዝ ግን ነጣ ያለችው ጅማት በስብራቱ ፊት ላይ ወጥታ ታየች፤ በፕላስቲኩ ላይ ምልክት ካደረግንበት ነጥብ ላይ፣ በዚያው ሰያፍ አቅጣጫ።

እርግጠኝነቱን ልክ ባለው መጠን ማስቀመጥ ይገባል። ከአንድ የአለት አልጋ የወጡ ሁለት ድንጋዮች አንድ ዓይነት ጅማት ሊኖራቸው ይችላል፤ ስለዚህ ጅማቷ ብቻዋን አትበቃም። ነገር ግን ወርዱ፣ ውፍረቱ፣ የአለቱ ዓይነት፣ የጅማቷ ቦታና አቅጣጫ፣ ከመሬት በላይ መሰበሩ፣ ከጅረቱ በዚህኛው ወገንና ወደ ላይ መገኘቱ፣ እንዲሁም የሽማግሌው ቃል በአንድ ነጥብ ሲገናኙ፣ ድንጋዩ የዚህ ጉቶ ነው ብሎ ለመጻፍ አላመነታም። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ለማግኘት ሁለቱን የስብራት ፊቶች ከየአቅጣጫው በተደራረቡ ፎቶግራፎች አንሥተናል፤ ከእነዚህ በኮምፒውተር የሚሠራው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሁለቱን ማገጣጠም ያስችላል። አፈሩን ግን አልነካንም። የቅርንጫፉ ምልክት ቀሪ ክፍል ከጉቶው ፊት ላይ፣ ከመሬቱ በታች ሊኖር እንደሚችል እያወቁ እጅን መሰብሰብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድና ያለ አርኪዮሎጂ ባለሙያ የሚነሣ አንድ አካፋ አፈር፣ ከሥሩ ስላለው መቃብር የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ባለ መሬቱ በመካከላችን ቆሞ ዝም ብሎ ይመለከተን ነበር። ሥራችንን ስንጨርስ፣ «አሁን መሬቴን ልትወስዱት ነው?» አለኝ።

ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። ገበሬው ጉቶ ሲያርስ ቢያገኝ ዝም ብሎ የሚሸፍነው በዚህ ፍርሃት ነው፤ ብዙ ሥፍራም የሚጠፋው ከክፋት ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ ምንም የመወሰን ሥልጣን እንደሌለኝ፣ ነገ ጉዳዩን ከጽሕፈት ቤቱ ጋር በፊቱ እንደምንነጋገርበት ነገርሁት። አብሮን ለመምጣት ተስማማ።

ቅዳሜ

በቀበሌው ግቢ ሽማግሌዎቹ፣ ባለ መሬቱ፣ ወዳጄና የወረዳው ባለሙያ ተገኙ። የመጀመሪያው ሐሳብ ድንጋዩን ወደ ቲያ ወስዶ አጥር ካለው ሥፍራ ማቆም ነበር፤ ጎብኚም ያየዋል፣ ጠባቂም አለው። እኔ ተቃወምሁ። መቃብሩ የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ድንጋዩን በሌሎች ሰዎች መቃብር መካከል ማቆም፣ ጅረት ላይ ከመደፋቱ የባሰ መለየት ነው። ወረዳው ግቢ ውስጥ ይቀመጥ የሚለውም በተመሳሳይ ምክንያት ድጋፍ አላገኘም።

ሽማግሌዎቹ ያነሡት ነጥብ ከሁላችንም የቀደመ ነበር፤ ድንጋዩ ከተነሣ በክረምት ልጆቹ በምን ተሻግረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ? ይህ ሳይመለስ ስለ ቅርስ መነጋገር እንደማይቻል ሁሉም ተቀበለ። ቀበሌው ከዝናቡ በፊት በሲሚንቶና በብረት አጭር መሻገሪያ እንዲሠራ፣ እስከዚያም ድንጋዩ ሳይነካ እንዲቆይ፣ ሲነሣም የሚነሣው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቅዶና ባለሙያ ልኮ እንዲሆን ተስማሙ። ወደ ጉቶው መልሶ ማቆም ይቻል እንደሆነ፣ ወይስ በአጠገቡ ማስተኛት እንደሚሻል የሚወሰነውም ያኔ ነው፤ የተሸረፈውንና ያዘነበለውን ጉቶ ያየ ሰው ክብደቱን ይችላል ብሎ አይፈርድም።

ልኬቱን፣ የፎቶግራፎቹን ቅጂ፣ የሁለቱን ቦታዎች መገኛ፣ የሁለቱንም ሽማግሌዎች ቃል እንደተነገረ፣ የማይስማማውንም ጭምር፣ ጽፌ አንዱን ለወረዳው ሌላውን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ፕላስቲኩ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ቀርቷል። ባለ መሬቱ በጉቶው ዙሪያ አንድ እርምጃ ስፋት ሳያርስ ለመተው ተስማምቷል፤ በምላሹ የጠየቀው በይዞታ ደብተሩ ላይ ምንም ለውጥ እንደማይደረግ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ነው። ደብዳቤው ሰኞ ተጽፎ እንዲሰጠው በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።